የቁልፍ መትከያው ክር

ጋሼ ዓይኑ እየከዳው እንደሆነ በቤታችን የማያውቅ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገርም አልነበረም። ቤታችን ስል ሦስት ሰው ማለቴ ነው፦ ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ ሚስቱ የሆነችው ታላቅ እህቴ፣ እና ሥራዬ ልብስ መተኮስ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ካውያው» የሚለኝ እኔ።

እህቴ በየማለዳው እሱ ሳይነሳ ሃያ መርፌ ክር ታስገባለች። ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ፣ ቡናማውን መሃል አድርጋ መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ትሰካቸዋለች። እሱ ይመጣና አንዱን ነቅሎ ሥራውን ይጀምራል። መርፌ በራሱ ጊዜ ክር ጎርሶ የሚያድር ይመስል አንድ ቀን እንኳ «ማነው ያስገባው?» ብሎ አልጠየቀም። እኔ ደግሞ የተጣመመውን ስፌት በእንፋሎት አቃናለሁ፤ በእንፋሎት የማይቃናውን እሱ ለምሳ ሲሄድ ተርትሬ እሰፋዋለሁ። አምፖሉም ብዙ ጊዜ ተወቅሷል። በየሁለት ወሩ «ይሄ አምፖል ደከመ» ይላል፣ እኛም «እውነትህን ነው» እንልና ይበልጥ የሚያበራውን እንገዛለን። አሁንማ ደንበኞች ገና በሩን ሲያልፉ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ ሦስት ሆነን ነው የደበቅነው። እሱ ዓይኑን ከእኛ ደበቀ፣ እኛ ማወቃችንን ከእሱ ደበቅን። ክፋት አልነበረብንም፤ ፈርተን ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመርፌ የኖረን ሰው «ከእንግዲህ በቃህ» ብሎ የሚናገረው ማነው? እኔ አይደለሁም። እህቴም ብትሆን ምላሷ እሳት ነው፣ ለዚህኛው ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

ጋሼ ሰው ሲተዋወቅ ፊቱን አያይም፤ ትከሻውን ነው የሚያየው። «ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል» ብሎ በልቡ ይይዛል፣ ስሙን ግን በማግስቱ ይረሳዋል። ሙያውን የተማረው ከአንድ ቁጡ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ሙሉ ስፌት አላስነካውም፤ አሮጌ ኮት እየሰጠ ሲያስተረትረው ኖረ። ክሩ ሳይበጠስ፣ ከብብት እስከ ወገብ አንድ ወጥ ሆኖ ካልወጣ ምሳ የለም። ጋሼ ይህንን ሲያወራ እንደ ትልቅ ገድል ነው፤ እኔ ግን ያ ሽማግሌ እጄ ላይ በወደቀ እላለሁ። ለማንኛውም ከዚያ የወጣው ሰው ክር መጣል የማይሆንለት ሰው ሆነ።

ወፎቹም የመጡት በዚሁ ጠባዩ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት ድንቢጥ በኋላ በር ዘልቃ ገብታ፣ ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀ የገበር ቁራጭ ላይ ቆማ ክሩን መምዘዝ ጀመረች። ለደንበኛ እንኳ እግሩን ከመርገጫው የማያነሳው ሰውዬ መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቆመ። በማግስቱ የሽንኩርት መያዣ መረብ ከረጢት አመጣና የሱፍ ብጣሽ፣ የጥጥ ብናኝ፣ ጥፍር ጥፍር የሚያክል ለስላሳ ቁርጥራጭ ሞልቶ ግቢው ግድግዳ ላይ ሰቀለላት።

«ልኬትም ልትወስድላት ነው?» አልኩት።

«ትከሻ የላትም» አለኝ፤ «ቀላል ናት።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ድንቢጦች ከአሸንዳው ሥር ጎጆ ይሠራሉ፤ ጎጆው ውስጥ የማን ሱፍ፣ የማን ቀሚስ እንዳለ እህቴ እየቆጠረች ትስቃለች። አምና ግን ነፋስ ጎጆውን ገንጥሎ ጣለው። አራት እንቁላል ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ ጎጆውን አንስቶ፣ የሌላ ሰፊ ኮት እንደሚመረምር ገልብጦ በጣቱ ዳሰሰው። «ሥራዋ ጥሩ ነበር፤ ክሩ ነው የከዳት» አለ።

ዘንድሮ ታዲያ ቆርጦ ተነሳ። ለድንቢጥ የሚሰጠው ብናኝ ቀረና የቁልፍ መትከያውን ክር አወጣ። ይህ ክር ሰም የጠጣ ናይለን ነው። በእሱ የተተከለ ቁልፍ፣ ሱፉ ያልቃል እንጂ ክሩ አይበጠስም። አንድ አንድ ክንድ እያደረገ ሠላሳ ያህል ቆረጠና መረቡ ውስጥ ከተተው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ ደስ ብሎት። ሌላ ሰው ቢሆን ላባና ጭድ ይጥልላት ነበር። የቤት ጥንካሬ በክር ጥንካሬ ነው ብሎ የሚያምን ሰፊ ብቻ ነው ይህንን የሚያስበው። እኔም አጠገቡ ቆሜ «ግሩም ነው» ብያለሁ፣ ስለዚህ ብዙም ልናገር አይገባኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለካውያዬ ውሃ ልቀዳ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከአሸንዳው ሥር የክንፍ ርግብግብታ ሰማሁና ቀና አልኩ። ድንቢጧ ከጎጆዋ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ፣ በቀኝ እግሯ ተንጠልጥላ ተዘቅዝቃለች። ታርገበግባለች፣ ትሽከረከራለች፣ ሲደክማት ክንፏን ዘርግታ ዝም ትላለች። ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። ከላይዋ ጫጩቶቿ ምግብ የመጣ መስሏቸው አፋቸውን ከፍተው ይንጫጫሉ። አንበሳ ቀርቶ ድንቢጥ ታሰረች።

«ጋሼ! እትዬ! ኑ ቶሎ!»

እህቴ ከነሳሙና እጇ ሮጣ መጣች። ጋሼ መቀሱን እንደያዘ ወጣ።

«ምንድነው?»

«ድንቢጧ! ክርህ እግሯን ይዟታል፣ ተንጠልጥላለች!»

ቀና አለ። ያየው ግን ጎጆውን አልነበረም፤ ከጎጆው ሁለት ክንድ ወዲያ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነበር። «አዎ፣ አየኋት» አለ። እህቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

መሰላሉን ከመጋዘን ጎትቼ አመጣሁ። በሁለት በኩል መወጣጫ ያለው፣ ሲዘረጋ እንደ ድንኳን የሚቆም ነው፤ ለእነዚያ አምፖሎች ሲባል የተገዛ። መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙ ሳላስብ ድንቢጧን በአንድ እጄ ጨብጬ ክሩን በሌላው መሳብ ጀመርኩ። የእኔ ጣት ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል በካውያ ሲጠበስ የኖረ ነው፤ ቆዳው ጠንክሯል፣ ቀጭን ነገር አይሰማውም። በሳብኩት ቁጥር ክሩ ይጠብቃል። ድንቢጧ ከእሷ ይወጣል የማልለውን ድምፅ አወጣች፤ አውራ ጣቴ ላይ የደም ጠብታ አየሁ።

«ተው! ውረድ!» ጮኸ ጋሼ። «ክር በጉልበት አይፈታም! ገደልካት እኮ!»

ወረድኩ። እሱ መቀሱን አስቀመጠና ከኪሱ መተርተሪያውን አወጣ። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ሆዱ ላይ ምላጭ ያለው ትንሽ ብረት ነው፤ ከእጁ የማይለየው ይህ ብቻ ነው። መሰላሉን በእጁ ፈልጎ ያዘና መውጣት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው እንጥራ?» አልኩት።

«ለአንድ ክር?»

እህቴ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። «ይታይሃል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ይታየኛል።»

በግራ እጁ አየሩን ዳሰሰ፤ የድንቢጧ ክንፍ ጣቱን ሲመታው ያዛት። አያያዙ ከእኔ የተለየ ነበር፤ ጨበጣት ሳይሆን አቀፋት፣ እሷም ዝም አለች። ከዚያ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። እኔ ከታች ሆኜ ምላጩን አየሁት። ምላጩ ከክሩ በላይ አልነበረም፣ ከክሩ በታችም አልነበረም። ከእግሯ አንድ ጣት ያህል ወዲህ፣ ምንም በሌለበት ቆሟል። ሳበው። አየሩን ቆረጠ። እንደገና አስጠጋው፤ አሁን ደግሞ ጫፉ ወደ ሆዷ ዞሯል። አንድ ጊዜ ቢስብ ሆዷን ይተረትረዋል። መጮህ ፈለግሁ፤ ብጮህ ደግሞ ይደነግጥና ያንኑ ያደርጋል። እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን ከምላጩ ላይ አልነቀለችም።

እጁ ቆመ። ምላጩን ከሆዷ አራቀው። ጫጩቶቹ ከጆሮው አጠገብ ይጮሃሉ። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ «አይታየኝም» አለ።

እህቴ መሰላሉን ይበልጥ ጨመደደችው።

«አይታየኝም፣ አንቺ ሴት! ክሩም አይታየኝም፣ እግሯም አይታየኝም። ጥላ ነው የማየው!»

የተቆጣ ይመስላል እንጂ ቁጣ አልነበረም። ድምፁ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እህቴ ግን የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችና በወዲያኛው በኩል መሰላሉን መውጣት ጀመረች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወንበር ላይ ቆማ እንኳ መጋረጃ ሰቅላ አታውቅም።

«ካውያው፣ ያዝ! ብወድቅ የምወድቀው አንተ ላይ ነው» አለችኝ።

መሰላሉን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ሁለቱ ከላይ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ድንቢጧ በመካከላቸው ናት።

«ንገሪኝ» አላት።

«እግሯ ቀይ ነው፣ ክሩ ጥቁር ነው። ተጠምጥሟል።»

«ስንት ዙር?»

«ሦስት... ቆይ፣ አራት። ሦስቱ ላላ ያሉ ናቸው። አንዱ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።»

«ከላላው እንጀምር። እጄን ምሪው፤ እጄን ግን አትንኪኝ፣ በአፍሽ ብቻ።»

«ወደ እኔ። ትንሽ ወደ እኔ። ወደ ላይ... አልፈሃል! ተመለስ። ቁም። አሁን ከሥሩ አስገባው። አዎ፣ ገባ። ሳብ።»

ጠቅ አለ። አንድ ዙር ተበጠሰ። ሁለተኛው በቀላሉ ሄደ። በሦስተኛው ድንቢጧ ድንገት ተወራጨች፤ መሰላሉ ተነቃነቀ፣ እህቴ አንድ እጇን ለቃ አሸንዳውን ጨበጠች፣ ቆርቆሮው ጮኸ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደባለቅሁት። ጋሼ ግን እጁን አላንቀሳቀሰም። እህቴ ተረጋግታ መሰላሉን እስክትይዝ ጠበቀና «ቀጥይ» አለ።

ሦስተኛው ተበጠሰ። አሁን ድንቢጧ ከጎጆው ተለይታ በመዳፉ ውስጥ ናት፤ ያ የጠለቀው ዙር ግን እግሯ ላይ ቀርቷል።

«ልልቀቃት?»

«ከለቀቅካት እግሯ ይበሰብሳል። ከአሁኑ አብጧል።»

«መተርተሪያው ይገባል?»

«አይገባም። በክሩና በሥጋው መካከል ምንም ቦታ የለም።»

«ካውያው፣ ቀጭኗን መርፌ አምጣ። ክር ካላት አውጥተህ አምጣ።»

እህቴ መሰላሉን እንዳልለቅ በዓይኗ ለመነችኝ፤ እሱ ደግሞ «ሩጥ!» አለ። ሮጥኩ። ስመለስ መርፌዋን ተቀብሎ አገላበጣት፤ ሹሉን ወደ ራሱ፣ ቀዳዳ ያለበትን ድቡልቡሉን ጫፍ ወደ ድንቢጧ። «በሹሉ ከሄድን ይወጋታል፤ መርፌዋ በጭንቅላቷ ነው የምትገባው» አለ። ሰፊዎች የተጣበቀ ክር የሚያነሱት እንደዚያ ነው።

«ምሪኝ።»

«ወደ ቀኝ። ቁም። እሱ እግሯ ነው፤ ወደ ላይ። አዎ... አዎ፣ እዚያ ጋ። አሁን ግፋ፣ ቀስ።»

«ቆዳዋ ይሰማኛል። ክሩም ይሰማኛል» አለ ጋሼ በሹክሹክታ። «አሁን አትናገሪ።»

ከታች የሚታየኝ የእህቴ ፊት ብቻ ነበር። ቅንድቧ ላይ ላብ ተንጠልጥሏል፤ መጥረግ አልቻለችም። መርፌዋን ሲያንሸራትታት አፏ ይከፈታል፣ ሲያቆም ይዘጋል። ጋሼ መርፌዋን በጥርሱ ደገፍ አድርጎ ያዛትና የመተርተሪያውን ምላጭ በመርፌዋ ላይ አንሸራተተው። ጠቅ የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። እንደገና አንሸራተተ።

ጠቅ።

ድንቢጧ መዳፉ ውስጥ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሞተች?» አለች እህቴ።

«አልሞተችም። ልቧ እጄን ሊበሳው ነው» አለና ጣቶቹን ከፈተ። ለቅጽበት እንደዚያው ተኝታ ቆየች፤ ከዚያ በአንዴ ተነስታ በግቢው አጥር ላይ አልፋ ጠፋች።

ጋሼ ግን አልወረደም። «ጎጆው ውስጥ የቀረ ክር አለ?»

«ሦስት አራት ይታየኛል።»

መተርተሪያውን አቀበላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ብረት ከእሱ በቀር የነካው የለም። «ጥፍር እስኪያክል አሳጥሪው፣ አትጎትቺ። ከጎተትሽ ጎጆው ይፈርሳል» አላት። እሷም አንድ በአንድ ቆረጠችው።

ከዚያ ሦስታችንም በኋላ በሩ ደፍ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሥራው እንዳልተጨረሰ ያወቅነው ያኔ ነው። ጫጩቶቹ ይጮሃሉ፣ እናታቸው የለችም። የተጎዳችና የሰው እጅ የያዛት ወፍ ትመለሳለች? አናውቅም። ወንዱም ካለ አላየነውም። የመንገዱን በር ዘግተን ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለ ጋሼ፣ ወደ ማንም ሳያይ።

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«እኔ እተኩሳለሁ እንጂ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ደም የነካውን መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

«መጣች?»

«አልመጣችም» አለች እህቴ።

ጊዜው ሄደ። ጥላው ከአጥሩ ወደ ግቢው መሃል ተሻገረ። በየደቂቃው «መጣች?» ይላል፣ በየደቂቃው «ገና ነች» ትለዋለች። የጫጩቶቹ ጩኸት እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ የሦስት ነበር፣ ከዚያ የሁለት መሰለኝ፤ በመጨረሻ ምንም አልሰማ አለን። እሱም ሰምቷል፤ ዓይኑ እንጂ ጆሮው ደህና ነው። ትከሻው ወረደ። እኔ ያንን ማየት አልቻልኩም። ውሸት ለምጃለሁ፣ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው።

«መጣች ጋሼ! ይኸው ገባች» አልኩ።

ቀና አለ፤ ፊቱ በራ። እህቴ ግን «አልመጣችም» አለች።

«እሱ መጣች ይላል።»

«ይዋሻል» አለች። እጇን መዳፉ ላይ አደረገች። «እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ አልዋሽህም። አልመጣችም።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን «እሺ» ብቻ አለ። እጇንም አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ፤ እሷ እንድትነግረው ብቻ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ለሻይ ውሃ ልጥድ ወደ ውስጥ ገብቼ ነበር። የእህቴን ድምፅ ሰማሁ።

«መጣች።»

ወጥቼ አየሁ። አሸንዳው ጫፍ ላይ ድንቢጧ ቆማለች፤ አፏ ውስጥ አረንጓዴ ትል አለ። ጋሼ ቀና አላለም። «እርግጠኛ ነሽ?» አላለም። ወደ እኔም ዞሮ አልጠየቀም።

«እንዴት ናት?» አለ።

«በግራ እግሯ ብቻ ነው የቆመችው።»

«ቀኙስ?»

እኔ በዓይኔ «ተይው» አልኳት፤ አላየችኝም።

«ተንጠልጥሏል። የሚሠራ አይመስለኝም።»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ።

«አዎ፤ አንተ ነህ» አለችው። ጠጋ ብላ ትከሻዋን ከትከሻው አገናኘች። «አሁን ወደ ጎጆው ዘለለች። ልትወድቅ ነበር፣ ክንፏን ዘርግታ ያዘች። አንዱ ብቅ ብሏል፣ አፉን ከፍቷል። ትሉን ሰጠችው። ሌላውም ብቅ አለ...»

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣት ጀመር።